ቢጫው ጃንጥላ ስድስት ወር ያልሞላበት ምክንያት

ውድ እህቴ፣

ደህንነትሽን መጠየቅ እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ ግን ዛሬ ትዕግሥቱ የለኝም። ደህና መሆንሽን ባለፈው በስልክ ከሳቅሽው ሳቅ ተረድቻለሁ። ይልቅ ቁጭ በይ። ባልሽ አጠገብሽ ካለም ይስማ፣ ግድ የለኝም። የምጽፍልሽ ማሸነፌን ልነግርሽ ነው። ካሸነፍኳቸው ሰዎች አንዷ አንቺ ነሽ፤ እስክደርስበት ግን ጠብቂ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ልብሱን አጥበን ከጨረስን በኋላ፣ አልጋው ላይ ተደግፈን የምናያቸውን እነዚያን ፊልሞች ታስታውሻለሽ። ሁሌም ነገሩ ትልቅ መደብር ውስጥ ነው። ሁሌም አንዲት ሻጭ አለች፤ ሁሌም አንድ ሰው ሌላው ላይ የሽቶ ጠርሙስ ይደፋል። አንቺ ፊልሙ ከተጀመረ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉንም በየቦታቸው ትመድቢያቸው ነበር። «ይሄ የባለቤቱ ልጅ ነው፤ ተራ ሻጭ መስሎ የገባ። ይቺ ቆንጆዋ ናት፤ አታገኘውም። ይቺ ቀልደኛዋ ጓደኛ ናት። ሽማግሌው ዘበኛ ሁሉን ያውቃል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይናገራል» ትያለሽ። ከዚያ የሚሆነውን ትቆጥሪልኛለሽ፤ ሊፍቱ ይበላሻል፣ በሚወርደው ኤስካሌተር ሽቅብ የሚሮጥ ሰው አይጠፋም፣ አንዱ ቂል ደግሞ ፍቅሩን በማይክራፎን ለገበያተኛው ሁሉ ይናገራል። እኔ ካልሲ እያጣጠፍኩ «በእኔ ፎቅ ቢሆን ማስጠንቀቂያ እጽፍለት ነበር» እልሻለሁ። አንቺ ትራሱን ነክሰሽ ትስቂያለሽ።

እያንዳንዱ ፊልም ውስጥ ደግሞ አንዲት ቁጡ አለቃ አለች። ፀጉሯን ጥፍር አድርጋ ያሰረች፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሁለት ሰዎች ሊሳሳሙ ሲሉ ከመደርደሪያ ጀርባ ብቅ የምትል። አንቺ እኔን ለዚያ ቦታ መደብሽኝ፤ እኔም ተስማማሁ። እናታችን ስትሞት አንቺ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር፣ እኔ ሃያ ሦስት። መቆጣት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሥራዬ ነው። አንቺ ሸሚዝ ትሸጪበት በነበረው መደብራችን ውስጥም የታጠፈ ሸሚዝ ስፋቱ ልክ መሆኑን በማስመሪያ እየለካሁ ፎቅ ለፎቅ የምዞር ሰው ነኝ። ሠራተኞቹ ከኋላዬ «ማስመሪያ» ብለው እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ፤ ስሙንም አልጠላውም።

አንድ ነገር ግን ነግሬሽ አላውቅም። ልታገቢ ሁለት ሳምንት ሲቀርሽ፣ በልብስ መለኪያው ክፍል በኩል ሳልፍ ከመጋረጃው ጀርባ ከሽቶ ሻጯ ጋር ስታወሩ ሰማሁ። «እህትሽ ብቻዋን ልትቀር ነው፤ እሷስ ሰው የላትም?» አለችሽ። አንቺም ሳቅ ብለሽ፣ «የእሷ ዓይነት ሰው ፊልሙ ሲያልቅ የት እንደምትገባ ማንም አያይም፤ ካሜራው ትቷት ይሄዳል» አልሽ። ክፋት እንዳልነበረበት አውቃለሁ። አንቺ በሰው ላይ ክፋት አታውቂም፣ አፍሽ ነው የሚቀድምሽ። እኔ ግን ማስመሪያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያን ቀን ሁለት ሠራተኞችን ያለ ጥፋታቸው ተቆጣሁ። ሠርግሽ ላይ ካለቀስኩት ልቅሶም ግማሹ የዚያ ነበር።

አሁን ወደ ጃንጥላው ልምጣ። ስለ እሱ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሆኖም ያኔ እኔ የማውቀውን ልንገርሽ።

እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነበር። ከአራተኛ ፎቅ ከቢሮዬ ወጥቼ ስወርድ፣ አንዳንድ ቀን ሁለተኛ ፎቅ መወጣጫው አጠገብ በቆመችው መላጣ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ክንድ ላይ ቢጫ ጃንጥላ ተንጠልጥሎ አገኛለሁ። አሻንጉሊቷ የሌሊት ልብስ ለብሳ ጃንጥላ ትይዛለች። ለምን ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ትከሻውን ይነቀንቃል፤ አንቺ ደግሞ ከሸሚዞችሽ መሀል ቀና ብለሽ፣ «ደንበኛ ረስቶት ይሆናል፣ እትዬ» ትይኛለሽ። እኔም አመንኩ። እንዲያውም በልቤ አንዲት የምትረሳ አሮጊት ፈጠርኩ። አዘንኩላት። መግቢያው በር ላይ «ቢጫ ጃንጥላ የሚረሱ ውድ ደንበኛችን፣ እባክዎ ሲወጡ እጅዎን ይመልከቱ» የሚል ማስታወቂያ በእጄ ጽፌ ለጠፍኩ። ያን ሳምንት ሠራተኛው ሁሉ ለምን መጋዘን እየገባ ዓይኑን ጠራርጎ እንደሚወጣ አልገባኝም ነበር። ጉንፋን የገባ መስሎኝ መስኮት አስዘጋሁ።

ጃንጥላውን ባገኘሁት ቁጥር ደንቡ በሚለው መሠረት ምድር ቤት ወዳለው የጠፋ ዕቃ ክፍል ይዤው እወርዳለሁ። እዚያ ያለውን ሰው ታውቂዋለሽ፤ ወገቡ ላይ በታሰረው የቁልፍ እስር ምክንያት ሁላችሁም «ጋሼ ቁልፉ» የምትሉት፣ ሲመጣ ከሩቅ የሚሰማው ሰው። አንቺ በፊልምሽ ውስጥ ቦታ እንኳ አልሰጠሽውም ነበር። አንድ ቀን ብጠይቅሽ «እሱ ዕቃ ነው» ብለሽኝ ነበር።

ያ ክፍል ደስ ይለኛል። ጓደኛቸው የጠፋ ጓንቶች፣ መነጽሮች፣ ባለቤቱ እንዴት ረስቶት እንደሄደ የማይገባኝ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሁለት ከዘራ። ጋሼ ቁልፉ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁራጭ ወረቀት ያስርለታል። ጃንጥላውን ሳመጣለት ወንበር ይስብልኛል፤ መቀመጫው ላይ ሰማያዊ ትራስ አለ። ከዚያ መዝገቡን ይገልጣል፤ የተገኘበት ቦታ፣ ሰዓት፣ ቀለም። ሁልጊዜ ደግሞ መዝገቡ ላይ የሌለ አንድ ጥያቄ ይጨምራል።

«ሲያገኙት እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ?»

«ደረቅ።»

«ውጭ እየዘነበ?»

«ውጭ እየዘነበ። ምን ዓይነት ሴት ናቸው እባክዎ? ሊወስዱት ሲመጡ አያዩዋቸውም? አሮጊት ናቸው?»

«ትረሳለች» ይላል፣ መዝገቡን እያየ።

እኔ፣ ሃያ ሜትር ርቀት ላይ የተፈታ የሸሚዝ ቁልፍ የማይ ሰው፣ በዝናብ ቀን የሚገኝ ደረቅ ጃንጥላ አልታየኝም። መጀመሪያ ሦስት ደቂቃ ነበር የምቀመጠው። አንቺ አግብተሽ ከሄድሽ ወዲህ ሃያ ደቂቃ ሆነ። ቤት ማንም የማይጠብቀኝ ሰው ምን ያስቸኩለኛል ብዬ ነበር ለራሴ የምነግረው። አንድ ማክሰኞ ወርጄ አሻንጉሊቷ ክንድ ላይ ምንም ሳጣ ሆዴ ባባ። ያኔ እንኳ ለምን ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም።

ከሁለት ወር በፊት ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና የጠፋ ዕቃ ክፍሉ እንዲዘጋ መወሰኑን ነገረኝ። ቦታው ለመጋዘን ተፈልጓል። ጋሼ ቁልፉ ሌላ ከተማ ወዳለው ማከፋፈያ ይዛወራል፤ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የጭነት መኪናው ይወስደዋል። እኔ ዓርብ ዕለት መዝገቡን ተረክቤ ማጣራት ነበረብኝ። ለማን እንደምነግር አላወቅኩም። ለአንቺ እንዳልደውል ሳቅሽን ፈራሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ቢሮዬ ወስጄ በማስመሪያ እየሄድኩ ገጽ በገጽ አየሁት። ቢጫ ጃንጥላ ስልሳ ዘጠኝ ጊዜ ተመዝግቧል። ያገኘው ሰው በሚለው ረድፍ ስልሳ ዘጠኙም ላይ የእኔ ስም ነው። ጠይቆ የወሰደው ሰው በሚለው ረድፍ ግን አርባ ሁለቱ ላይ ያለውን ፊርማ ለማወቅ መነጽር አላስፈለገኝም። ያን ፊደል ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እጅሽን ይዤ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።

ያኔ ሁሉም ተገጣጠመልኝ። ሕንፃው መሀሉ ክፍት ነው፤ መላጣዋ ከአራቱም ፎቅ ትታያለች። እኔ ከቢሮዬ ስወጣ አራተኛ ፎቅ ያለችው የመጋረጃ ሻጭ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ትደውላለች፣ አንቺ ጃንጥላውን ትሰቅያለሽ፣ መደብሩ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለማውረድ እጅሽ የዘገየ ቀን ብቻ ነው እኔ የምደርስበት። ስምንት ዓመት ሙሉ የራሴን መምጫ ምልክት በክብር ተሸክሜ ምድር ቤት ሳስመዘግብ ኖሬአለሁ፤ አንቺም ከኋላዬ ወርደሽ ፈርመሽ ስትመልሺው።

ደሜ ፈላ። ለአሮጊቷ ማዘኔ፣ ማስታወቂያው፣ ያስዘጋሁት መስኮት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ከሁሉ የባሰው ግን የቀሩት ሃያ ሰባት ፊርማዎች ናቸው። ሁሉም አንቺ ከሄድሽ በኋላ የተፈረሙ፣ ሁሉም የጋሼ ቁልፉ ናቸው። እሱም ሲስቅብኝ ነበር ማለት ነው አልኩ። ትራሱ፣ ጥያቄው፣ ሁሉ። ቤት ገብቼ ለአንቺ አራት ገጽ ጻፍኩና ቀደድኩት። ያን ደብዳቤ ባለማንበብሽ አመስግኚ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሥራ የገባሁት ከእሱ ጋር አንድ ቃል ላልነጋገር ምዬ ነው። በሩ ላይ ሽማግሌው ዘበኛ፣ ያው ያንቺ ሁሉን የሚያውቀው፣ ፊቴን አይቶ ወንበሩን ለቆ ተነሳ።

«መዝገቡን አየሽው» አለኝ።

«አየሁት። ሁላችሁም ደስ ይበላችሁ።»

«ልጄ፣ እህትሽ ከሄደች ወዲህ እኮ ያንን ጃንጥላ የሰቀለ ሠራተኛ የለም። ልጆቹ አሁን በሞባይል ነው የሚጻጻፉት፤ አንቺ ስትወጪ ሁሉም ኪስ ይንጫጫል።»

«ታዲያ ማነው የሚሰቅለው?»

«እሱ ነዋ። ጠዋት ሳትገቢ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ይሰቅለዋል፤ አንቺ ታወርጂለታለሽ። ጉልበቱ ደግሞ ደህና አይደለም። ያቺ ሴትዮ ይህን ሁሉ ስትቆጣጠር ይሄን እንዴት አታይም እያልን ስንገረም ዓመት ሞላን።»

«አሁን የት ነው?» አልኩት።

«ቁልፎቹን ሊያስረክብ አራተኛ ፎቅ ወጥቷል። መኪናው ከኋላ ሞተሩን አስነስቷል።»

የሚወጣው ኤስካሌተር ከሐሙስ ጀምሮ ተበላሽቶ ጠጋኞቹ ሆዱን ከፍተውታል። ሊፍቱ ፊት ቅዳሜ ገበያተኛ ተሰልፏል። ተራው ደረጃ ያለው በሕንፃው በሌላው ጫፍ ነው፤ እሱን ጭራሽ አላሰብኩትም። ከፊቴ ያለው የሚወርደው ብቻ ነበር፣ እግሩ ሥር ደግሞ «በተቃራኒ አቅጣጫ መውጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለው በእኔ ፊርማ የተለጠፈው ማስታወቂያ። ቀሚሴን ሰብስቤ ሽቅብ ሮጥኩ።

ሰዎች በግራ በቀኝ እየተጠጉ አሳለፉኝ። አንዲት ሴትዮ «ምን ተሰርቆባት ነው?» ስትል ሰማሁ። ከፀጉሬ አንድ ማስያዣ ወደቀ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ መላጣዋ ክንዷን ዘርግታ ቆማለች፤ ጃንጥላው ተሰቅሏል። የሚሄድበት ቀን ጠዋት እንኳ ወጥቶ ሰቅሎታል። ነጥቄያት ሁለተኛውን ኤስካሌተር ጀመርኩ፤ እሱም የሚወርደው ነው። ከላይ አንድ ሰው ካርቶን ታቅፎ ይወርዳል። የቁልፍ ድምፅ ስላልነበረው ወዲያው አልለየሁትም።

ደረጃው እሱን ወደ እኔ ያመጣዋል፤ እኔን ደግሞ የፈለገውን ያህል ብሮጥ ባለሁበት ያስቀረኛል። አጠገቤ ሲደርስ ደንግጦ አየኝ።

«ይሄ የሚወርደው ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ። ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሌላ የማደርገው ጠፍቶኝ መውጣቴን ቀጠልኩ። እሱም አሰበና ካርቶኑን እንደታቀፈ ዞረ፤ ከጎኔ መውጣት ጀመረ። ሁለታችን ጎን ለጎን እየወጣን፣ የትም ሳንደርስ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መሀል ባለንበት ቀረን። ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ «ደንቡን ያውቁታል» አልኩት። «ስድስት ወር ጠያቂ ያልመጣለት ዕቃ ላገኘው ሰው ይሰጣል። ይሄ ጃንጥላ አንድም ጊዜ ስድስት ወር አልሞላውም። ሃያ ሰባት ጊዜ የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ስድስት ወር ከሞላው የእርስዎ ይሆናል» አለ። ጉልበቱ እያመመው እንደሆነ ከፊቱ ይታያል፤ አልቆመም። «ከዚያ በኋላ ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ?»

ካርቶኑን አየሁት። ውስጡ አንድ ኩባያና ሰማያዊው ትራስ ብቻ ነው ያለው። «ትራሱ የመደብሩ ንብረት ነው» አልኩት።

«እኔ የገዛሁት ነው። ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት ነው የምወስደው።»

«ምንም ሳይጠፋብኝ ብመጣስ?»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ እህቴ። እኔ፣ ያቺ ማስመሪያዋ፣ በሥራ ሰዓት። እሱ ለቅጽበት መውጣቱን ረሳ፤ ደረጃው ሁለት ሜትር ያህል ወደ ታች ወሰደው። ከዚያ እንደ ልጅ እየተንደረደረ ተመልሶ አጠገቤ ደረሰና ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» አለኝ። «አንቺ እመጣለሁ ካልሽኝ መኪናው ባዶውን ይሂድ» አለኝ። እኔም ያኔ መሮጤን አቆምኩ፤ ሁለታችንንም ጎን ለጎን ወደ ታች አወረደን።

ጃንጥላውን ለካ ሳላስበው ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ ይዤው ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ ነባሮቹ ሠራተኞች በልማዳቸው በየመደርደሪያቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ እጃቸው ጎናቸው ላይ፣ አገጫቸው ቀና ብሎ። ከላይ መደገፊያው ብረት ላይ ሆና የመጋረጃ ሻጯ ታየኛለች። ከታች ሽቶ ሻጯ በሶፍት ዓይኗን ታብሳለች። ማንም አልሳቀም። ከዚያ በአንቺ ቦታ የቀጠርኩት አዲሱ ሸሚዝ ሻጭ፣ ነገሩ ጭራሽ ያልገባው፣ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ገበያተኛውም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ተከተለው። ማይክራፎን አልነካሁም። አላስፈለገኝም።

መኪናው ባዶውን ሄደ። እኔም ፀጉሬን እንደተፈታ ትቼ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ ባለፈው ዓመት ብቻ ከዚያ ክፍል ስንት ሰው ዕቃውን ተረክቦ እንደሄደ፣ ከእነሱም ስንቱ ተመልሶ ደንበኛችን እንደሆነ በማስመሪያ እየጠቆምኩ መስመር በመስመር አነበብኩለት። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሊያቋርጠኝ ሲል ከመነጽሬ በላይ አየሁት። ይህ ቁጣ የምትሉት ነገር ለምን እንደተሰጠኝ ያን ቀን ገባኝ።

«ከመቼ ወዲህ ነው የጠፋ ጃንጥላ የሚያሳስብሽ?» አለኝ መጨረሻ ላይ።

«ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ» አልኩት።

ክፍሉ አልተዘጋም። እንዲያውም ከምድር ቤት ወጥቶ መግቢያው በር አጠገብ፣ ፀሐይ የሚገባበት ቦታ ሆኗል፤ ጋሼ ቁልፉም ጉልበቱን አያደክምም። ቁልፎቹ ተመልሰውለታል፤ እኔ ከሩቅ እሰማዋለሁ። የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለራሴ ጻፍኩ፤ «በተቃራኒ አቅጣጫ በኤስካሌተር ስለወጣች» የሚል። ፈርሜ ፋይሌ ውስጥ አስገብቻለሁ። እንዳይጠፋብኝ።

እንግዲህ የዛሬ ሦስት ሳምንት እሁድ፣ መደብሩ በሚዘጋበት ቀን፣ እንጋባለን። ትልቅ ድግስ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ነው፣ ያው ፊልም እናይባት በነበረችው ክፍል። ሽማግሌው ዘበኛ እንደ አባቴ ሆኖ ይድረኛል። ቁጡዋ አለቃ ፊልሙ ሲያልቅ የት እንደምትገባ ማንም አያይም ብለሽ ነበር። መጥተሽ እይ። ስለ ጃንጥላው አልተቀየምኩሽም። ስለዚያች ቃል ተቀይሜሽ ነበር፣ አሁን በጽሑፍ አውጥቼዋለሁና አለቀ። አንቺ ያንን ምልክት ባትፈጥሪ እኔ የምድር ቤቱን ደረጃ ምን ልሠራ እወርድ ነበር?

ጃንጥላውን ግን አልመልስልሽም። መዝገቡ ላይ ሰባኛ መስመር ጨምረን ሁለታችንም ፈርመናል፤ ከዚህ በኋላ የሚጠይቀው የለም። ስትመጪ መኪናው መናኸሪያ ሲደርስ አትንቀሳቀሺ፤ እኔ ነኝ የምቀበልሽ። በሕዝቡ መሀል ቢጫ ጃንጥላ ከፍ ብሎ ሲመጣ ካየሽ፣ ልምድሽ ነውና ቀጥ ብለሽ ቁሚ።

አሳዳጊሽና አለቃሽ፣
ማስመሪያ